የአስታማሚ እረፍት በሌላ ሰው እጅ ነው

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። የላኩልኝ ሰዎች "አንቺን ነው የሚመለከተው" ብለው ነው። ቤተሰብ ለሚያስታምሙ ሴቶች የተጻፈ ምክር ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ በሽተኛሽ ደህና እንዲሆን መጀመሪያ አንቺ ደህና ሁኚ፤ የደከምሽው ራስሽን ስለረሳሽ ነው፤ መፍትሔውም ያለው በራስሽ እጅ ነው። ከዚያ ምክሮቹ ይከተላሉ። ከሰው ሁሉ ቀድመሽ ተነሺና አንድ ሰዓት ለራስሽ ስጪ። አመለካከትሽን አስተካክዪ፣ ድካም ያለው አእምሮ ውስጥ ነው። ለወገብሽ ስፖርት ሥሪ። ሠራተኛ ቅጠሪ። በወር አንድ ቀን ወጣ ብለሽ ተዝናኚ። ጠያቂ አታብዢ። እምቢ ማለትን ተለማመጂ። በየጊዜው ተመርመሪ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህን ለደከመች አስታማሚ አጋሩ ይላል።

ጸሐፊዋ በቅን ልብ እንደጻፈችው አልጠራጠርም። ስለ በሽተኛ እንጂ ስለ አስታማሚ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነውና ለዚህ አመሰግናታለሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ እናቴን የማስታምም ሰው ነኝ። እማየ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። በዙሪያዬም እንደኔው ባል፣ አባት፣ ልጅ የሚያስታምሙ ሴቶች አሉ፤ ሆስፒታል ወረፋ ላይ፣ መድኃኒት ቤት በር ላይ እንገናኛለን፣ እናወራለን። ከመካከላችን ማረፍ እንዳለባት የማታውቅ አንድም የለችም። ያጣነው የሚቀይረን ሰው ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ነጥብ በነጥብ ልመልስበት።

መጀመሪያ ስለዚያ አንድ ሰዓት። ከሰው ቀድመሽ ተነሺ፣ ቡናሽን ብቻሽን በጸጥታ ጠጪ፣ ስሜትሽን በማስታወሻ ጻፊ ይላል። መቼ ነው የምትተኛው ግን? በራሱ መገላበጥ የማይችል በሽተኛ በየ2 ሰዓቱ ጎኑ መቀየር አለበት። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያለው ቤት ሁሉ ከሆስፒታል ሲወጣ የሚነገረው ነው። ካልተቀየረ ከወገብ በታች፣ ዳሌው ላይ፣ ተረከዙ ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል። ሲጀምር ትንሽ ጠቆር ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት ሞቅ የሚል ምልክት ነው። ከዚያ ቆዳው ይከፈታል። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ለመዳን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት ላይ በሽተኛዋን ወደ ቀኝ ያዞረች ሴት 6 ሰዓት ላይ ትነሳለች፣ 8 ሰዓት ላይ ትነሳለች፣ 10 ሰዓት ላይ ትነሳለች። በመሀል አንሶላው ከረጠበ እሱን ትቀይራለች። ጠዋት መድኃኒት አለ፣ አጥሚት አለ፣ የሚታጠብ አለ። አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት ይባላል፤ ይህቺ ሴት በተከታታይ 2 ሰዓት ካገኘች ተመስገን ነው የምትለው። ከሷ ላይ ሌላ አንድ ሰዓት ቀንሶ ለማስታወሻ መጻፊያ አድርጊው ማለት እንቅልፏን መውሰድ ነው። የሚጠቅማት ሌላ ነው። ማታ ከ4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ሌላ ሰው በሽተኛዋ አጠገብ ይደር፣ እሷ ሌላ ክፍል ገብታ በሯን ዘግታ ትተኛ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ይህን ያገኘች ሴት ያለ ማንም ምክር ሰው ትሆናለች።

ሁለተኛው ድካም አእምሮ ውስጥ ነው የሚለው ነው። ከጽሑፉ በጣም ያሳዘነኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም የደከመች ሴት አንብባው "እንግዲህ ችግሩ እኔ ነኝ" ብላ ነው የምትነሳው። ድካሙ ያለው ሰውነት ላይ ነው፤ የተለካ ነገር ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመርሳት በሽታ ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን፣ ከነሱ ጋር በዕድሜና በገቢ የሚቀራረቡ ግን የማያስታምሙ ሌሎች 13 ሴቶችን ወሰዱ። ሁሉም ክንዳቸው ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር የምታህል ትንሽ ቁስል ተደረገች። ከዚያ እስክትድን ጠበቁ። የአስታማሚዎቹ ቁስል በአማካይ 9 ቀን ዘግይታ ነው የዳነች። እንግዲህ አመለካከቷን ብታስተካክል ቆዳዋ ቶሎ ይገጥም ነበር?

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ አለ። ከትዳር ጓደኛቸው ጋር የሚኖሩ አረጋውያንን፣ የሚያስታምሙትንም የማያስታምሙትንም፣ 4 ዓመት ያህል ተከታተለ። እያስታመሙ ጫናው የከበዳቸው ሰዎች ከማያስታምሙት እኩዮቻቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው 63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የዚህ ጥናት ሌላው ግማሽ ብዙ ጊዜ አይነገርም። እያስታመሙ ግን ጫና ያልተሰማቸው ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ይህን ልብ በሉልኝ። ማስታመም በራሱ ሰው አይገድልም። እናትን ማስታመም ደስታ እንዳለው እኔም እመሰክራለሁ፤ እማየ ጠዋት ገላዋን ካጠብኳት በኋላ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ስትመርቀኝ የሚሰማኝን ነገር በምንም አልለውጠውም። ሰው የሚጎዳው ጫናው ሲበዛና ተቀያሪ ሲጠፋ ነው።

ስለ ወገብ ህመም ጽሑፉ በቀን 15 ደቂቃ ስፖርት ሥሪ ብሎ ያልፋል። የአስታማሚ ወገብ የሚሄደው ግን ብቻዋን፣ ያለ ዘዴ፣ ሰው ስለምታነሳ ነው። ማንም አያስተምረንም። በሽተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ የመድኃኒት ወረቀት እንጂ እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳይ ሰው አይሰጠንም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አግኝቼ ያሳየኝን ለሚጠቅመው ልንገር። ወንበሩ የሚቀመጠው በበሽተኛዋ ደህና ጎን በኩል ነው። መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ታስቀምጫታለሽ፤ ሁለቱም እግሯ መሬት መርገጥ አለበት፣ የሚያዳልጥ ካልሲ ካለ አውልቂው። ፊት ለፊቷ ቆመሽ ጉልበትሽን ታጥፊያለሽ፣ ወገብሽ ቀጥ ይላል። የደከመው ጉልበቷ እንዳይከዳት በራስሽ ጉልበት ደገፍ ታደርጊዋለሽ። እጅሽ የሚይዘው መቀነቷ የታሰረበት ላይ ነው። በብብቷ ገብተሽ እንዳታነሻት፤ የደከመ ክንዷንማ በፍጹም እንዳትጎትቺ፣ ትከሻዋ ሊወልቅ ይችላል። ወደ ራስሽ ጠጋ አድርገሽ፣ ቆጥራችሁ፣ እሷም የቻለችውን እየገፋች አብራችሁ ትነሳላችሁ። ከዚያ በትንንሽ እርምጃ ወደ ወንበሩ መዞር ነው።

አልጋ ላይ ቁልቁል የተንሸራተተች እንደሆነ ግን ብቻሽን አትጎትቻት። አንሶላ እጥፍ አድርገሽ ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ ከስሯ ታነጥፊላታለሽ፤ አንድ ሰው በግራ፣ አንድ ሰው በቀኝ ሆናችሁ አንሶላውን ይዛችሁ ወደ ላይ ትስባላችሁ። ሁለት ሰው ነው የሚጠይቀው። ወገብን የሚያድነው ያ ሁለተኛ ሰው ነው፤ እሱ በሌለበት ስፖርቱ ምንም አያደርግም።

ሠራተኛ ቅጠሪ የሚለው ላይ ልምጣ። አቅም ያለው፣ ለአቅመ ሥራ የደረሰ ሰው ቀጥሮ ተገቢውን ከፍሎ ቢሠራ ምንም ተቃውሞ የለኝም፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን በእኛ ከተማ "ሠራተኛ" ሲባል ብዙ ጊዜ ማን እንደሆነች እናውቃለን። ከገጠር የመጣች፣ ቀን ሠርታ ማታ ለመማር የተመኘች ልጅ ናት። የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ አይተናል። ይህቺን ልጅ ሽማግሌ እንድታጥብ፣ በየ2 ሰዓቱ እንድትነሳ፣ ትልቅ ሰው እንድትሸከም ስናደርግ ድካሙን ከራሳችን ላይ አንስተን እሷ ላይ ጣልነው እንጂ አላቀለልነውም። ትምህርቷም ይቀራል፣ ወገቧም ይሄዳል፤ እሷን ደግሞ ራስሽን ተንከባከቢ የሚላት ማንም የለም። እኔ ይህን እረፍት ብዬ ልጠራው አልችልም።

በወር አንድ ቀን ወጣ በይ ለሚለው ጽሑፉ የጠቀሰው ሪዞርት፣ ማሳጅና ጂም ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አለ፤ የቻለ ይሂድ፣ አልቃወምም። ግን የእኛዎቹን አስታማሚዎች ምን ናፈቃችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ቅዳሴ ነው የሚሉት። እሑድ ጠዋት ሳይቻኮሉ ሄደው እስከ መጨረሻው ቆመው ማስቀደስ። ሚያዝያ 30 ማርቆስ ሲነግሥ ከሰው ጋር እልል እያሉ መሸኘት። ጥር ላይ ሰርግ መሄድ። ማህበራቸው ላይ ተራቸውን ማውጣት፤ እሱ ላይ በተደጋጋሚ የቀረች ሴት ቀስ በቀስ ከሰው ዝርዝር እንደወጣች ነው የሚሰማት። አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ ሹሩባ መሠራት ነው ያለችኝ። ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ ጸጉር መሠራት፣ ከሠሪዋ ጋር ማውራት፣ መስተዋት ማየት። ይሄ ሁሉ ብር አይፈልግም። የሚፈልገው ያን ግማሽ ቀን ቤት የሚቀመጥ ሰው ነው።

ገጠር ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ከጮቄ ተራራ ስር ያሉ ቀበሌዎች ላይ የምታስታምም ሴት ውሃም ትቀዳለች፣ ከብትም ታያለች፣ ክረምት ላይ ጤፉን ታርማለች። አንድ ሰው ድንገት ቢታመም መንደሩ ሁሉ ወጥቶ በወሳንሳ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል፤ ጭቃ አይል፣ ሌሊት አይል። የሚያኮራ ነገር ነው። በሽተኛው ተመልሶ አልጋ ሲይዝና ነገሩ ዓመት ሲሆን ግን ያ ሁሉ ሰው የለም። አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች።

ከዚህ ተነስቼ ጠያቂ አታብዢ የሚለውን ልመልስ። እዚህ ላይ ጽሑፉ ችግሩን በትክክል አይቷል። ጠያቂ ያደክማል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፣ እንጀራ ይቀርባል፣ አቦል ሲያልቅ ሌላ እንግዳ ይገባል፣ ጀበናዋ እንደገና ትጣዳለች፣ በረካ ድረስ እየተቀባበለ ይመሻል። ሁሉም "እግዜር ይማርሽ" ብሎ፣ ለአስታማሚዋም "አይዞሽ፣ ዋጋሽን ከላይ ታገኚዋለሽ" ብሎ ይወጣል። ሰዉ ሲሄድ የሚታጠበው ስኒ፣ የሚጠረገው ቄጠማ፣ ሰዓቱ ያለፈው መድኃኒት እሷን ይጠብቃታል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው።

ግን መፍትሔው በር መዝጋት አይደለም። ጎጃም ውስጥ በሯን ለጠያቂ የዘጋች ሴት ነገ ሰው ስትፈልግ ማንን ትጠራለች? ደግሞ ጠያቂ ለበሽተኛውም መድኃኒት ነው። እማየ ሰው ሲመጣ ፊቷ ይፈታል፣ ምላሷም ይፈታል። የሚሻለው ጠያቂው ሲመጣ የሚሠራውን መለወጥ ነው። ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ሁለት ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል። "እታለም፣ አንቺ አጠገቧ ቁጭ በይልኝ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ" ማለት ነውር አይደለም። ቡናውን ራሷ ጠያቂዋ ብታፈላው ነውር አይደለም። ብርቱካን ይዞ ከመምጣት አንሶላ አጥቦ መሄድ ይበልጣል። ይህን አስታማሚዋ ደፍራ መናገር ይከብዳታል፤ ስለዚህ ጠያቂው ራሱ ቀድሞ ይበል። ቤት የገባ ሰው "ምን ልርዳሽ?" ብሎ ከሚጠይቅ "ተነሽ፣ ሂጂ ተኚ፣ እኔ አለሁ" ቢል ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "ኧረ ምንም" ነው የሚመለስለት።

ስለ እድርም ልናገር። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ድስትና ሰሃን ያመጣል፣ አስተናጋጁን ይመድባል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። ሥርዓቱ ያለቀለት ነው። ያው እድር ግን ሰውየው ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ሲተኛ የሚያድርለት አንድ ሰው አይመድብም። ለምን? ደንቡ ላይ ስለሌለ ነው። ደንብ ደግሞ በጉባኤ ይሻሻላል። በየወሩ ከምናዋጣው ላይ ትንሽ ተነስታ ተሽከርካሪ ወንበርና ለአልጋ የሚሆን ውሃ የማያስገባ ፕላስቲክ ንጣፍ ተገዝቶ ተራ በተራ ቢዋስ ስንት ቤት ይጠቅማል።

ገጠሩም ቢሆን አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም። ወንፈል እናውቃለን። ዛሬ ያንተን እናርማለን፣ ነገ የእኔን፤ ማንም ብር አይከፍልም፣ ማንም ውለታውን አይረሳም። ለጤፍ የሆነው ለሌሊት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። በአንድ መንደር ሦስት የሚያስታምሙ ቤቶች ካሉና ከእያንዳንዱ ቤት ከአስታማሚዋ ሌላ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ሌሊት ለሌላው ቤት ቢያድር፣ ሦስቱም ሴቶች በሳምንት አንድ አንድ ሌሊት ሙሉ ይተኛሉ። የማያስታምሙት ጎረቤቶችም ሲገቡበት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እምቢ ማለትን ተለማመጂ ወደሚለው። ማንን ነው እምቢ የምትለው? በሌሊት "ልጄ፣ ውሃ" የምትላትን እናቷን? እምቢታዋ በሽተኛው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሌላ የሚያርፍበት የለም። ለዚህ ነው ያ ምክር ጸጸት ብቻ ጨምሮ የሚሄደው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህቺ እናት ስንት ልጆች አሏት?

በአብዛኛው ቤት መልሱ አንድ አይደለም። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ናቸው። አንዷ ብቻ ናት የምታስታምመው። እሷም የተመረጠችው ስላላገባች፣ ወይም ባሏ ስለሞተባት፣ ወይም ቤቷ ቅርብ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ ሴት ስለሆነች ነው። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም። "እሷ አለች" ተባለ፣ አለቀ። ሌሎቹ ብር ይልካሉ። በቴሌብር ይገባል፣ "ለመድኃኒት" የሚል መልዕክት ይከተላል። ብሩ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱም ዳይፐሩም ውድ ነው፣ የሚልኩትን አላናንቅም። ብር ግን በሌሊት ሰው አይገለብጥም። ፋሲካ ላይ በግ ይዘው ይመጣሉ፣ እናታቸውን አቅፈው ያለቅሳሉ፣ በጣም ከስታለች ብለው ይቆጣሉ፣ ማክሰኞ ይመለሳሉ። አንዳንዱም ሲሄድ ለእህቱ "ራስሽንም ጠብቂ እንጂ" ይላታል። ከልቡ ነው የሚላት፤ በማግስቱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን ያው እሷው ናት የምትነሳው።

ሥራ አለብን ለሚሉት ህጉን ላስታውስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የታመመ ወላጅ ለማስታመም ብሎ ለብቻው የሚሰጠው የተከፈለ ፈቃድ የለም፤ ይሄ መስተካከል ያለበት ነገር ነው። ግን አንድ ዓመት የሠራ ሰው 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፣ አገልግሎቱ ሲጨምር ቀኑም ይጨምራል። ለከባድ ጉዳይ ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ መውሰድ ይቻላል፣ በዓመት ሁለቴ። አራት ወንድምና እህት ከዓመት ፈቃዳቸው አንድ አንድ ሳምንት ቢሰጡ፣ ቤት ያለችው እህት በዓመት አንድ ወር ታርፋለች። የቤተሰብ ህጉም ቢሆን፣ የፌዴራሉን አዋጅ 213/1992 ብታዩ፣ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ የልጆች ነው ይላል፤ ቀለብ ያለው ውስጥ ጤናም አለበት። የሴት ልጅ ነው ወይም ቤቷ ቅርብ የሆነው ልጅ ነው አይልም።

መንገዱ በሚዘጋበት ሰሞን ከአዲስ አበባ መምጣት እንደማይቻል አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ማንም ማንንም አይወቅስም። ግን መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜስ?

ወንድ ልጅ እናቱን ማጠብ ይከብደዋል ይባላል። እሺ፣ ይክበደው፤ እናትየውም ታፍር ይሆናል፣ መከበር ያለበት ነገር ነው። ሌሊቱን ማደር፣ ማጉረስ፣ አንሶላ ማጠብ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ማንሳት፣ ውሃ መቅዳት፣ ሆስፒታል ወረፋ መያዝ ግን ምን ነውር አለበት? ጉልበት የሚፈልገው ሥራ ሁሉ ለደከመችው ሴት ቀርቶ ጉልበት ያለው ወንድም ሳሎን ከጠያቂ ጋር የሚቀመጥበት ቤት አይቻለሁ።

አስታማሚዋ ይህን ለወንድሞቿ ራሷ ብትናገር ደግሞ "ሰለቸቻት" ይባላል። ይህን ስለምታውቅ ዝም ትላለች። ስለዚህ ሌላ ሰው ይናገርላት። እኛ አገር ለዚህ የሚሆን ሰው ሞልቷል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ እንልካለን፣ መሬት ሲያጣላ ሽማግሌ እንቀመጣለን። ለእናት ሌሊትስ አንድ አጎት ወይም የንስሐ አባት ልጆቹን በስልክም ቢሆን ሰብስቦ "ማን በየትኛው ወር ይመጣል? ማን ስንት ያዋጣል? ማን የሌሊት ሰው ይከፍላል?" ብሎ ቢያከፋፍል ምን ይከብዳል? ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ይታፈራል። በእህት ልመና የተባለ ግን ይረሳል።

አንዳንዶች ለመንፈሳዊ ዋጋ ብላ ትችለዋለች ይላሉ። መጽሐፉን ካነበብን ግን ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሕዝቡን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር ይህ ሥራ ብቻህን አትችለውም፣ ትደክማለህ፣ ሌሎች ሰዎች ምረጥና ይሸከሙልህ ነው ያለው። ሙሴም ሰማው። ብቻውን ቢሸከም ዋጋው ይበዛል ያለው የለም።

ጽሑፉ ተመርመሪ የሚለውን ምክር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምርበት። በየወሩ በሽተኛ ይዘን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንሄዳለን፤ የእማየ ግፊት ይለካል፣ የእኛ አይለካም። ክንዳችሁን ዘርጉ። እናቱ በግፊት ምክንያት ስትሮክ የመታት ልጅ የራሱን ግፊት የማወቅ ምክንያት ከማንም በላይ አለው፤ ግፊት ደግሞ ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ካርዱ የበሽተኛው ብቻ አይደለም፣ የተመዘገቡት ቤተሰቦች ሁሉ ነው። መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከክልላችን ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የኛው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ይህን ያህል ዘመን አብሮን ኖሮ አስታማሚው ለራሱ ሲጠቀምበት የማላየው ያሳዝነኛል። እንቅልፍ ማግኘት የቻለች ሴት እንኳ እንቅልፍ ከከዳት፣ ምግብ ካስጠላት፣ የምትወደው ነገር ሁሉ ለሳምንታት ካልጣማት፣ በተለይ ደግሞ መኖር ካስጠላት፣ ይሄ ስንፍና አይደለም፤ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ያየዋል፣ ይታከማል። እንዲህ ስትል የሰማ ሰው "በእናትሽ ነው እንዲህ የምትዪ?" ብሎ አያስደንግጣት፣ አብሯት ይሂድ።

ጽሑፉ ይህን ለደከመች አስታማሚ አጋሩ ብሎ ያልቃል። እኔ ለወንድሟ ላኩለት እላለሁ። ለእህቷም፣ ለአክስቷ ልጅም፣ ለእድሩ ጸሐፊም።

የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ እንግዳ ሆኖ እንዳይመጣ። የመጀመሪያውን ቀን አስታማሚዋ አጠገብ ቆሞ ይይ። የትኛው ክኒን በስንት ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። በየትኛው ጎን እንደምትተኛ፣ ትራሱ የት የት እንደሚገባ ይጠይቅ። ስታጎርሷት ቀጥ ብላ መቀመጥ አለባት፣ ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ የመጀመሪያውን ሳትውጥ ሁለተኛው አይምጣ፤ ከበላች በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቶሎ አትጋደም። ትን ካላትና መላልሶ ካሳላት ለሐኪም ይነገር። ይህን ካወቀ በኋላ እህቱን ይሸኛት። ስትሄድም በየሰዓቱ እየደወለ "ይሄ የት አለ፣ ያ የት አለ" አይበላት፤ ካልጠፋ ነገር ራሱ ይፈልግ።